ለመንታ ልጆች ማዘያ እንዴት ይመረጣል? ከትንሹ ልጅ ጀምሩ

መንታ መምጣቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ ወዳጅ ዘመድ ከሚያስበው ስጦታ መካከል ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ የሚይዝ ማዘያ አይጠፋም። ፎቶግራፉም ያማልላል፤ እናት ሁለቱንም ታቅፋ፣ እጆቿ ነፃ ሆነው፣ ፈገግ ብላ ስትራመድ ይታያል። ችግሩ ያ ዕቃ ገና ለተወለዱ መንታዎች አብዛኛውን ጊዜ አለመሆኑ ነው። ክብደታቸው አይደርስለትም። ክብደታቸው ሲደርስ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም የሚያስፈልግበት ሰዓት ወላጆች ከገመቱት በጣም ያነሰ ሆኖ ይገኛል።

ስለዚህ ከዋጋና ከቀለም በፊት አንድ ነገር ያዙ፦ የመንታ ማዘያ የሚመረጠው በትንሹ ልጅ ልክ ነው። ትልቁ የሚመቸውን ትንሹ ላይችለው ይችላል፤ ለትንሹ የሚሆነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለትልቁም ይሆናል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ማዘያ ስል ደረት ላይም፣ ጎን ላይም፣ ጀርባ ላይም የሚታሰረውን ሁሉ ማለቴ ነው።

ደረጃ 1፦ ሁለቱንም መዝኑ፤ ዕድሜያቸውንም በትክክል አስሉ

ከመንታዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 37 ሳምንት ሳይሞላቸው ይወለዳሉ። ሲወለዱ ከ2.5 ኪሎ በታች መሆናቸውም የተለመደ ነው፤ ያውም ሁለቱ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። አንዱ 2.6 ኪሎ፣ ሌላው 1.9 ኪሎ ሆኖ መወለዱ ማንንም አያስደንቅም። ብዙዎቹ ባለ ዘለበት ማዘያዎች መለያቸው ላይ የሚጽፉት ዝቅተኛ ክብደት 3.2 ኪሎ ነው፤ ከዚያ ከፍ የሚሉም አሉ። እንግዲህ የመጀመሪያው ሥራ ሱቅ መሄድ ሳይሆን ከጤና ጣቢያ ወይም ከሆስፒታል የመጨረሻውን ክብደት ለእያንዳንዱ ልጅ በየስሙ መጻፍ ነው። «ሦስት ኪሎ ገደማ ናቸው» የሚለው ግምት እዚህ ላይ አይሠራም። ማዘያው 3.2 ኪሎ የሚል ከሆነና ትንሹ 2.9 ከሆነ፣ ትልቁ 3.4 መሆኑ ለትንሹ ምንም አይፈይድለትም።

ዕድሜውም እንዲሁ ነው። በ34 ሳምንት የተወለደ ልጅ ስድስት ሳምንት ቀድሞ የመጣ ነው። ከተወለደ አራት ወር ሞላው ስትሉ፣ የአንገቱ ጥንካሬ የሁለት ወር ተኩል ልጅ ያህል ሊሆን ይችላል። ማዘያው ላይ «ከአራት ወር ጀምሮ» ወይም «ከስድስት ወር ጀምሮ» ተብሎ ሲጻፍ ይህን የተስተካከለውን ዕድሜ ተጠቀሙ፤ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ደግሞ የልጁን አንገት እመኑ።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቅ ልናገር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2010 የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን በትከሻ ላይ የሚንጠለጠሉ የጨርቅ ማዘያዎችን በተመለከተ ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበሩት 20 ዓመታት ከእነዚህ ማዘያዎች ጋር የተያያዙ 14 የሕፃናት ሞቶችን መርምሯል፤ 12ቱ ከአራት ወር በታች ነበሩ። ከሞቱት መካከል ብዙዎቹ ዝቅተኛ ክብደት ያላቸው መንታዎች፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ ወይም ጉንፋን የመሰለ የመተንፈስ ችግር የነበረባቸው መሆናቸውን ኮሚሽኑ ገልጿል። መንታ የሚለው ቃል በስም ተጠርቶ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። የሚደርሰው አደጋ ድምፅ የለውም፤ አንገቱ ያልጠና ልጅ አገጩ ወደ ደረቱ ሲታጠፍ የአየር መተላለፊያው ይጠባል፣ ወይም አፍንጫው በጨርቁ ይታፈናል፤ ለማልቀስ አቅም የለውም። ነገሩ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ሊያልቅ ይችላል። ይህን የምጽፈው ማዘያን እንድትፈሩ አይደለም። በትክክል የታሰረ ልጅ ደረት ላይ ሲሆን ከየትም ይልቅ ይረጋጋል። ነገር ግን ትንሹ ልጃችሁ ከ2.5 ኪሎ በታች ከሆነ፣ ኦክስጅን ሲሰጠው ከነበረ ወይም አተነፋፈሱ ላይ ጥያቄ ከነበረ ሐኪሙን ሳትጠይቁ ምንም ማዘያ አትጠቀሙ።

ለእነዚህ ትንንሾች የመጀመሪያው «ማዘያ» የእናትና የአባት ባዶ ደረት ነው። ያለ ልብስ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ መታቀፍ፣ የካንጋሮ እናት እንክብካቤ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የተጀመረ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱና ክብደታቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሕፃናት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ይመክራል። በአገራችንም ሆስፒታሎች ይጠቀሙበታል። መንታ ከሆኑ ሁለቱን በእናት ደረት ላይ ጎን ለጎን፣ ወይም አንዱን በእናት ሌላውን በአባት ደረት ላይ ማድረግ ይቻላል። ነርሷ ያሳየቻችሁን የጨርቅ አስተሳሰር ከሆስፒታል ሳትወጡ በእጃችሁ ደጋግማችሁ ሥሩት፤ ቪዲዮም አስቀርጹ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከዚህ የተሻለ ዕቃ በገንዘብ አይገኝም።

ደረጃ 2፦ ከሱቁ በፊት ቀናችሁን ተመልከቱ

ሁለቱን በአንድ ጊዜ መሸከም የሚያስፈልጋችሁ መቼ ነው? እስቲ በሐቀኝነት አስቡት። ቤት ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው፦ አንዱ ጠግቦ ተኝቷል፣ ሌላው ሆዱን ነፍቶት ያለቅሳል። የሚያስፈልገው አንዱን ደረት ላይ አስሮ፣ ሌላውን ለማጥባት ወይም ሽንት ጨርቅ ለመቀየር እጅን ነፃ ማድረግ ነው። ለዚህ አንድ ጥሩ የአንድ ልጅ ማዘያ ይበቃል። ከቤት ሲወጣ ደግሞ፣ ለክትባትም ሆነ ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለዘመድ ጥየቃ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰው አለ። ሁለት ሰው ካለ ሁለት ማዘያ ይሻላል፤ ሙቀቱም ክብደቱም ይከፈላል፣ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው አይነቃም።

ሁለቱን ብቻውን የሚሸከም ሰው የሚኖረው ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ብቻዋን የምትውል እናት፣ ወይም ጋሪ የማይገፋበት መንገድ ያለባት፣ ወይም በውጭ አገር ዘመድ አጠገቧ የሌላት ስትሆን ነው። ይህ የእናንተ ሕይወት ከሆነ የመንታ ማዘያው ለእናንተ የተሠራ ነው፤ ወደ ደረጃ 3 ስንደርስ በደንብ እንመጣበታለን። ካልሆነ ግን ገንዘባችሁን በሁለት ጥሩ የአንድ ልጅ ማዘያዎች ላይ አውሉት።

ማን እንደሚሸከምም ቁጠሩ። አያት፣ አባት፣ ሞግዚት፣ አክስት፤ በመንታ ቤት ውስጥ የሚሸከመው ሰው ብዙ ነው፣ ቁመቱና ወገቡም ይለያያል። ማሰሪያው በሰከንድ የሚስተካከል መሆን አለበት። አምስት ሜትር ጨርቅ መጠቅለል የተማረችው እናት ብቻ ከሆነች፣ እሷ ሻወር ስትገባ ማዘያው ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ደረጃ 3፦ ዓይነቶቹን በልጆቹ ዕድሜ ለዩ

የሚለጠጥ ረጅም ጨርቅ። ወደ አምስት ሜትር የሚረዝም፣ እንደ ካኒተራ የሚለጠጥ ጥጥ ነው። ለትንንሾች የሚመቸው ይህ ነው፤ አካላቸውን በሙሉ ይይዛል፣ በጠባብ ደረትም በሰፊ ደረትም ይስተካከላል። አንዳንድ አምራቾች ትንንሽ መንታዎችን ሁለቱንም በአንድ ጨርቅ ደረት ላይ ማሰር እንደሚቻል በመመሪያቸው ያሳያሉ፤ ሌሎች ይከለክላሉ። መመሪያው ላይ የመንታ ሥዕል ከሌለ አታድርጉት። የሚፈቅድ ቢሆንም ዘመኑ አጭር ነው፤ ልጆቹ ሲከብዱ ጨርቁ ይላላና ወደ ታች ይወርዳሉ። በዚህ ዓይነት ጨርቅ ልጅን ጀርባ ላይ ማዘል ፈጽሞ አይገባም፤ ልጁ ወደ ኋላ ቢንጠራራ ጨርቁ ተለጥጦ ይለቀዋል። በቆላ አካባቢ ወይም በባሕረ ሰላጤ አገሮች ለምትኖሩ ደግሞ ሙቀቱን አስቡ፤ ሦስት ድርብ ጨርቅ፣ ሁለት ልጅና የእናንተ ገላ አንድ ላይ ነው።

ባለ ቀለበት ጨርቅ። በአንድ ትከሻ ላይ የሚወርድ፣ በሁለት ቀለበቶች መካከል ጨርቁ እየተሳበ የሚጠብቅ ነው። ለማጥባት ይመቻል፣ ቶሎ ይገባል ቶሎ ይወጣል። የመንታ እናቶች በጣም የሚወዱት አጠቃቀም አለው፦ የልጆቹ አንገት ከጠና በኋላ ሁለት ባለ ቀለበት ጨርቅ በሁለቱ ትከሻዎች አቋርጦ አንዱን ልጅ በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ጎን ማዘል። ክብደቱ ይመጣጠናል፣ ሁለቱም ልጆች ይታያሉ። ለአራስ ልጅ ግን ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት ደረት ላይ እንጂ በጨርቁ ውስጥ ተጋድሞ አይቀመጥ። ከላይ የጠቀስኩት ማስጠንቀቂያ ያተኮረው በዚህ ዓይነት አቀማመጥ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ከሽሮ ሜዳ የሚያምር ሸማ ገዝቶ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ቀለበት ማስገጠም ቀላል ይመስላል። የቦርሳ ወይም የኮርቻ ቀለበት ግን ብዙውን ጊዜ የተበየደ መገጣጠሚያ አለው። ጥፍራችሁን በቀለበቱ ዙሪያ አዙሩት፤ ስንጥቅ ወይም እብጠት ከነካችሁ ያ ቀለበት ልጅ አይሸከምም። ለማዘያ የሚሠራው ቀለበት መገጣጠሚያ የሌለው ወጥ አሉሚኒየም ወይም ናይሎን ነው። ጨርቁም እንዲሁ፤ ነጠላ ስስ ስለሆነ ክሩ ይሸሻል፣ ጋቢ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ በቀለበቱ ውስጥ አይሳብም፣ በግማሽ ጠብቆ ይቀራል።

ባለ ዘለበት ማዘያ። የወገብ መታጠቂያ፣ ሁለት የትከሻ ማሰሪያና የልጁን ጀርባ የሚይዝ ሰሌዳ መሰል ጨርቅ ያለው ነው። ለአብዛኛው የመንታ ቤት ዋናው ዕቃ ይህ ነው፤ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። ሲገዛ መታየት ያለበት የመቀመጫው ስፋት የሚስተካከል መሆኑ ነው፤ ለትንሹ ጠብቦ፣ ለትልቁ ሰፍቶ መሥራት አለበት። መንታዎች በእድገት ሲለያዩ ይህ መስተካከል ሁለት ዓይነት ዕቃ ከመግዛት ያድናል። አንዱ የጠበበ አንዱ የሰፋ ከሆነ በየጊዜው አትቀያይሩ፤ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መድቡና በባለቀለም ክር ምልክት አድርጉበት። በሌሊት እንቅልፍ በሞላው ዓይን ማሰሪያ ከማስተካከል ትድናላችሁ።

የመንታ ማዘያ። ሁለት አሠራር አለው። አንደኛው ሁለቱን ደረት ላይ ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ነው፤ ዊጎ ትዊን የሚባለው የዚህ ዓይነት ሲሆን ለትንንሽ ልጆች የታሰበ ነው። ሁለተኛው አንዱን ፊት፣ ሌላውን ጀርባ ወይም ጎን ላይ የሚይዝ ነው፤ ትዊንጎ በዚህ ይታወቃል። ትዊንጎ ለሁለት ተለያይቶ ሁለት ነጠላ ማዘያ ይሆናል፣ አንዱን አባት አንዱን እናት ሊይዙት ይችላሉ። ይህ መለያየት ትልቅ ጥቅም ነው። ዝቅተኛ ክብደቱ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ወደ 4.5 ኪሎ ነው፤ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ደግሞ አንገቱንና ወገቡን የያዘ ሊሆን ይገባል። ስለዚህ ለአራስ ቤት ስጦታ ተብሎ ሲመጣ በካርቶኑ ወራት ያህል ይቀመጣል ማለት ነው። ተለያይቶ የማይሠራ የመንታ ማዘያ አልመክርም። ልጆቹ አብረው የሚታዘሉበት ዘመን አጭር ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው ሥራ ያጣል።

አንቀልባ። ከቆዳ ወይም ከወፍራም ጨርቅ የሚሠራው፣ አንዳንዴ በዛጎል የሚያጌጠው የእናቶቻችን ማዘያ ዛሬም የሚናቅ አይደለም። ልጁ እግሩን ከፍቶ የአዛዩን ጀርባ አቅፎ ስለሚቀመጥ ለዳሌው የሚስማማ አቀማመጥ ነው። አያት ቤት ውስጥ ካለች ምርጫው በግማሽ አልቋል፤ እሷ አንዱን በአንቀልባ፣ እናት ሌላውን በደረት ይይዛሉ። ጥንቃቄ የሚያሻው ለሁለት ነገር ነው። አንገቱ ያልጠና፣ በተለይ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ጀርባ ላይ ሲሆን ፊቱ አይታይም፤ ስለዚህ እስኪጠና ድረስ ደረት ላይ ይቆይ። ሁለተኛው ነጠላ ወይም ጋቢ ደርቦ ፊቱን መሸፈን ነው። ብርድንና ዓይንን ለመከላከል ታስቦ የሚደረግ ቢሆንም አየር ያሳጣል። ኮፍያ አድርጉለት፣ ፊቱን ግን ግልጥ አድርጉት። ይህን ለእናታችሁ ወይም ለአማታችሁ በአክብሮት ንገሯቸው፤ «ሐኪሙ ነው ያዘዘው» ማለትም ይሠራል።

ደረጃ 4፦ የሚሸከመውን ሰው አካል አትርሱ

መንታ የወለደች እናት በቀዶ ሕክምና የመውለድ ዕድሏ ከፍ ያለ ነው። የወገብ መታጠቂያው በትክክል የሚያርፈው ቁስሉ ላይ ነው። ቁስሉ እስኪድን መታጠቂያውን ከፍ አድርጎ ከእምብርት በላይ ማሰር፣ ወይም በትከሻ ብቻ የሚይዝ ጨርቅ መጠቀም ይቻላል። ብዙ ሐኪሞች በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ከልጁ ክብደት በላይ አታንሺ ይላሉ፤ ሁለት ልጅ በአንድ ጊዜ ማለት ከዚያ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ በአራስ ቤት ዘመን ሁለቱን አንድ ላይ መሸከም የአባት ወይም የሌላ ሰው ሥራ ይሁን። እናትን «ሁለቱንም ብቻዬን እችላለሁ» ማሰኘት ጀግንነት ተደርጎ መታየት የለበትም። ሽንት መቆጣጠር ካቃታት፣ የታችኛው ሆዷ ወደ ታች የሚጎተት ከመሰላት ወይም ቁስሉ ካመማት ማዘያውን አውርዳ ሐኪም ትጠይቅ።

ደረጃ 5፦ ዕቃውን በእጃችሁ ፈትሹ

ከመግዛታችሁ በፊት መለያውን ፈልጉ። የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት ቀን፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ክብደት እንዲሁም የታተመ መመሪያ ከሌለው ተዉት። የአሜሪካ ገበያ የጨርቅ ማዘያዎች አስገዳጅ የደህንነት ደንብ የተበጀላቸው እ.ኤ.አ. ከጥር 2018 ማብቂያ ጀምሮ ለተመረቱት ነው፤ ባለ ዘለበቶቹ ከዚያ ቀደም ብሎ ደንብ ወጥቶላቸዋል። ስለዚህ ከዘመድ የተላለፈ የጨርቅ ማዘያ ከዚያ በፊት የተሠራ ከሆነ በተለይ ተጠንቀቁ።

ስፌቱን ሳቡት። የትከሻ ማሰሪያው ከሰሌዳው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ተቃራኒ ጎትቱ፤ ክሩ ከተንጠራራ ወይም ቀዳዳዎቹ ከሰፉ መልሱት። ዘለበቱን አሥር ጊዜ ያህል አስገቡ አውጡ፤ ሲገባ ጥርት ያለ «ቃ» የሚል ድምፅ ማሰማት አለበት፣ ተጭናችሁ ካልሆነ በቀር መከፈት የለበትም። ታዋቂ ስም ይዘው በርካሽ የሚሸጡ አስመሳይ ዕቃዎች የሚታወቁት በእነዚህ በሁለቱ ነው፤ ፊደላቱ ትክክል ቢሆኑም ዘለበቱ ይላላል፣ ስፌቱ ይሳሳል።

ያገለገለ ዕቃ መግዛት ነውር የለበትም፤ ለመንታ ወላጅ ሁሉም ነገር እጥፍ ነውና። ፀሐይ ያነጣው ናይሎን፣ የተሰነጠቀ ዘለበት፣ በእጅ የተጠገነ ክብደት የሚሸከም ማሰሪያ ካለበት ግን በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ።

ደረጃ 6፦ ልጁ ውስጥ ገብቶ ሲታይ

ይህን ፍተሻ ለእያንዳንዱ ልጅ ለየብቻ፣ በየጊዜው አድርጉ። ጎንበስ ሳትሉ ግንባሩን መሳም መቻል አለባችሁ። ካልደረሳችሁ ወርዷል፤ አጥብቁ። ፊቱ በሙሉ ይታይ፤ አፍንጫው ጨርቅም ልብሳችሁንም አይንካ። በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣታችሁ ይግባ። እጃችሁን ጀርባው ላይ አድርጋችሁ በቀስታ ስትጫኑት ወደ እናንተ ተጠግቶ የሚታጠፍ ወይም የሚሸራተት ከሆነ ልል ነው።

እግሮቹ እንደ እንቁራሪት ተከፍተው ጉልበቶቹ ከመቀመጫው ከፍ ይበሉ፤ ጨርቁም ከአንደኛው ጉልበት ጀርባ እስከ ሌላኛው ይድረስ። እግር ተንጠልጥሎ ቁልቁል የሚወርድበት ጠባብ መቀመጫ ለዳሌ መጋጠሚያ ጥሩ አይደለም። ለመንታ ወላጅ ይህ የበለጠ ያገባዋል፦ በማህፀን ውስጥ በመቀመጫው በኩል የተቀመጠ ልጅ የዳሌ መጋጠሚያው በትክክል ያለመግጠም ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ከመንታዎች መካከል ደግሞ እንዲህ የሚቀመጥ ብዙ ነው። ልጃችሁ እንደዚያ ከነበረ ዳሌው በአልትራሳውንድ እንዲታይ ጠይቁ፤ የሕክምና ማሰሪያ ከታዘዘለት ማዘያውን ይዛችሁ ሄዳችሁ ለሐኪሙ አሳዩት።

ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ መሸከም ቢያንስ አምስት ስድስት ወር ሞልቶት አንገቱን በራሱ ሲይዝ ነው፤ ያም ቢሆን ለአጭር ጊዜ። ሲተኛ ወዲያው ወደ እናንተ አዙሩት።

ደረጃ 7፦ ሁለቱን አንድ ላይ መጫን

ይህን ደረጃ የምትሞክሩት የአንድ ልጅ ማዘያውን ያለ ሐሳብ ማሰር ስትችሉ ነው። መጀመሪያ ያለ ልጅ ተለማመዱ፤ ሁለት ኪሎ ስኳር በፎጣ ጠቅልሎ ማሰር ክብደቱ የት እንደሚያርፍ ያሳያል። ቦታው አልጋ አጠገብ ይሁን፣ ሌላ ሰውም አጠገባችሁ ይቁም።

ሁለቱም ደረት ላይ ሲሆኑ፣ ትንሹን መጨረሻ አስገቡት። የመጀመሪያው ልጅ ሁለተኛው እስኪገባ ይነካካል፣ ይገፋል፤ ያን የሚችለው ትልቁ ነው። ሁለተኛው ከገባ በኋላ ደግሞ ወደ መጀመሪያው ተመልሳችሁ ፊቱን ፈትሹ። በመንታ አስተሳሰር ብዙ ስህተት የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው፤ አንደኛው በደንብ ታስሮ ነበር፣ ሁለተኛው ሲገባ ግን ጨርቁ ተስቦ አፍንጫው ላይ መጥቷል። የአንዱ ጭንቅላት የሌላውን ፊት አለመጫኑንም እዩ።

አንዱ ፊት አንዱ ጀርባ ሲሆኑ፣ ከባዱ ጀርባ ላይ ይሁን። በሁለት ነጠላ ባለ ዘለበት ማዘያ የምትሠሩ ከሆነ የፊተኛውን የወገብ መታጠቂያ አስቀድማችሁ ታጠቁና ሰሌዳው ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ቀጥላችሁ የኋለኛውን ልጅ እዘሉ፣ በመጨረሻም የፊተኛውን አስገቡ። የፊተኛው ማሰሪያ ከአንገታችሁ በስተኋላ የሚገናኝበት ቦታ ከኋለኛው ልጅ ፊት ጋር ይጋጠማል፤ ስለዚህ የሚቆልፍላችሁና የሚያይላችሁ ሰው ያስፈልጋል። ስታወርዱ ፊተኛው ይቅደም። ቤት ውስጥ መስታወት ካለ በየደቂቃው የኋለኛውን ተመልከቱበት፤ ውጭ ስትሆኑ የስልካችሁ ካሜራ ይሠራል።

ሁለቱም ሰባት ሰባት ኪሎ ሲሞሉ 14 ኪሎ፣ ዘጠኝ ዘጠኝ ሲሆኑ 18 ኪሎ ተሸከማችሁ ማለት ነው። ወገባችሁ የሚነግራችሁን ስሙት። ደረጃ ስትወርዱ እግራችሁ አይታያችሁም፤ መደገፊያውን ያዙ። የወደቀ ዕቃ ለማንሳት ከወገብ አትጎንበሱ፣ በጉልበት ዝቅ በሉ።

ልጅ በማዘያ ላይ እያለ ምድጃ አጠገብ አትቁሙ፤ እንጀራ አትጋግሩ፣ ቡና አታፍሉ፣ ትኩስ ሻይም አትጠጡ። አትተኙ፣ ሶፋ ላይም ጋደም አትበሉ። መኪና ውስጥ ማዘያ የልጅ መቀመጫን አይተካም፤ በብስክሌትም ሆነ በሞተር ፈጽሞ አይሞከርም።

ደረጃ 8፦ ከውጭ ለሚያመጣላችሁ ሰው ምን ትላላችሁ?

ብዙዎቻችን ማዘያ የምናገኘው ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ነው። «የመንታ ማዘያ አምጣልን» ብቻ ካላችሁ ያ ሁለት መቀመጫ ያለው ዕቃ ይመጣል፤ ለመመለስም አይቻልም። ይልቅስ በጽሑፍ እንዲህ ላኩ፦ የትንሹ ልጅ የዛሬ ክብደት፣ የሚወለዱበት ወይም የተወለዱበት ሳምንት፣ የሁለታችሁ ወላጆች የወገብ ልክ በሴንቲ ሜትር፣ እና የምትኖሩበት አየር ንብረት። ከዚያም የምትፈልጉትን በቅደም ተከተል፦ አንደኛ የመቀመጫ ስፋቱ የሚስተካከል፣ ከ3.2 ኪሎ ጀምሮ የሚሠራ ባለ ዘለበት ማዘያ አንድ። ሁለተኛ ስስ ጨርቅ ያለው ባለ ቀለበት ወይም የሚለጠጥ አንድ። ሦስተኛ፣ ገንዘቡ ከተረፈና የምትውሉት ብቻችሁን ከሆነ፣ ለሁለት የሚለያይ የመንታ ማዘያ፤ ይህም ልጆቹ አራት አምስት ወር ሲሞላቸው በሚመጣው ሌላ መንገደኛ ይድረስ። መመሪያውን ከካርቶኑ እንዳይጥለው፣ ደረሰኙንም እንዲያስቀምጥ፣ የዘለበቱንና የመለያውን ፎቶግራፍ ከሱቁ ሳይወጣ እንዲልክላችሁ ጨምራችሁ ጻፉለት።